በየት ይውጣ?

የጎረቤታችንን ጋራዥ በውሃ የሞላሁት እኔ ነኝ። በዚያ ሌሊት ዝናብ አልነበረም፤ ቧንቧም አልፈነዳም። የአጎቴን የመዋኛ ገንዳ ውሃ በፓምፕ እያወጣሁ፣ የቱቦውን ጫፍ በጓሮው የታችኛው ጥግ ላይ ጥዬ ገብቼ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ገንዳው ሊደርቅ ጥቂት ቀርቶታል። ያ ሁሉ ውሃ የት እንደገባ ሳልጠይቅ ቡናዬን አፈላሁ።

ይህን የምጽፈው ለመናዘዝ አይደለም፤ ኑዛዜውን፣ ቢዘገይም፣ ለሚመለከታቸው ሰው አድርሻለሁ። የምጽፈው ከዚያ ሌሊት ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቅ ስላለኝ ነው። ከግቢዬ የወጣ ውሃ እስከ የት ድረስ የኔ ነው? አጥሩ ጋ ሲደርስ ከእጄ ይወጣል? ወይስ ሌላ ሰው እስኪረግጠው ድረስ ይከተለኛል? የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝና እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ ልማዴ መጽሐፍ መግለጥ ነው። በዚህ ጉዳይ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ አካፋው ብዙ አስተምሮኛል።

አጎቴ ቤታቸውን የገዙት ከሎስ አንጀለስ መሀል ከተማ በስተ ሰሜን፣ በሳን ጋብርኤል ተራሮች ግርጌ፣ ቱሀንጋ በሚባለው ሰፈር ነው። መጀመሪያ ታክሲ ነድተው፣ ኋላም በመኪና ማቆሚያ ቦታ ሠርተው ሠላሳ ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ ነው። መሬቱ ተዳፋት ስለሆነ የኛ ጓሮ ከታችኛው ቤት መስኮት በላይ ነው። ገንዳውን ያስቆፈረው የቀድሞው ባለቤት ነው። የአጎቴ ልጆች ትንንሽ ሳሉ ቅዳሜ ቅዳሜ የዘመድ ልጅ ሁሉ ሲንቦጫረቅበት ይውል ነበር። ልጆቹ አድገው ሲሄዱ መዋኘቱ ቀረ፤ ወጪው ግን አልቀረም። ክሎሪን አለ፣ ማጣሪያ አለ፣ የፓምፑ የመብራት ሂሳብ አለ። ከአምስት ዓመት ወዲህ የዋኘበት ቅጠልና ትንኝ ብቻ ነው። እኔ የምኖረው ከገንዳው ጎን ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ኪራይ አልከፍልም፤ በምትኩ «አንተ እንደሆነ ከመጽሐፍ ሌላ ሥራ የለህም» እየተባልኩ እታዘዛለሁ።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 መጀመሪያ ላይ ሎስ አንጀለስ በደህናው ዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በሦስት ቀን ወረደባት። ገንዳው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ግቢው ሐይቅ ሆነ፤ ውሃው መጥቶ የቤቱ መሠረት ላይ ተኛ። አጎቴ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ አካፋ ይዘው፣ እስኪነጋ ድረስ ቦይ ሲቆፍሩ አደሩ። ሠላሳ ዓመታቸው በአንድ ሌሊት ሊሸረሸር ነው ብለው ፈርተዋል። ፍርሃታቸው ቀልድ አልነበረም፤ ከዚህ በኋላ የምናገረውን ሁሉ አንባቢ ይህን ይዞ ቢያነብልኝ እወዳለሁ። በነጋታው ሁለት ነገር ወሰኑ። ገንዳው ይደፈናል፤ ከዚያ በግቢው ዙሪያ የውሃ መውረጃ ቱቦ ይቀበራል። «ውሃው ከግቢዬ ይውጣልኝ እንጂ ከዚያ ወዲያ የራሱ ጉዳይ ነው» አሉኝ።

እንዴት እንደሚደርቅ አንብቤ እንድነግራቸው ታዘዝኩ። ካነበብኩት ውስጥ አንዱ ነገር እስካሁን ይደንቀኛል። ባዶ የሲሚንቶ ገንዳ ጀልባ ነው። በዙሪያው ያለው አፈር በውሃ ጠጥቶ ሳለ ውስጡ ያለውን ውሃ ካወጣኸው፣ ከሥር የሚገፋው የከርሰ ምድር ውሃ ያን ሁሉ ሲሚንቶና ብረት ከመሬት ነቅሎ ሊያነሳው ይችላል። ገንዳውን በቦታው የሚያቆመው የተሸከመው ክብደት ነው። ስለዚህ ክረምቱ እስኪያልፍና መሬቱ እስኪደርቅ ድረስ ወራት ጠበቅን።

ሁለተኛው ነገር ክሎሪን ነው። በዚህ ከተማ የመንገድ ዳር የዝናብ መውረጃና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ የተለያዩ ናቸው። በመንገድ ዳር የገባ ውሃ በምንም ማጣሪያ ሳያልፍ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ባሕር ይገባል። ክሎሪን ያለበት ውሃ ዓሣ ይገድላልና ክሎሪኑ ሳይጠፋ መልቀቅ ክልክል ነው። እኛም ክሎሪን መጨመር አቁመን ውሃውን ለፀሐይ ተውነው። በየጠዋቱ መለኪያ ወረቀቷን እየነከርኩ ቀለሟን አያለሁ። በአሥረኛው ቀን ወረቀቷ ነጭ ሆና ወጣች፤ አጎቴም እኔም ደስ አለን። ሎንግ ቢች ባሕር ዳርቻ ላለ አይተነው ለማናውቀው ዓሣ አሥር ቀን ተጠነቀቅን። አጥር ለምንጋራቸው ሴትዮ አንድ ደቂቃ አላሰብንም።

ምክንያቱ ክፋት አልነበረም። ቱቦው አጭር ነበር። ከገንዳው እስከ ፊት ለፊቱ መንገድ ድረስ አርባ ሜትር ያህል ይሆናል፤ እኛ ያለን ቱቦ ግን የሚደርሰው እስከ ጓሮው ጥግ ብቻ ነው። መደብሩ ዘግቷል፣ ሰዓቱ መሽቷል፣ ፓምፑ ደግሞ ለአንድ ቀን የተከራየነው ነው። «አፈሩ ይጠጣዋል» አሉ አጎቴ። እኔም ይጠጣዋል አልኩ። ገንዳው የሚይዘው 75,000 ሊትር አካባቢ ነው። በ20 ሊትር ጀሪካን ቢቀዳ ወደ 3,750 ጀሪካን ይሆናል። ይህን ያሰላሁት በኋላ ነው። አስቀድሜ አስልቼው ቢሆን ኖሮ 3,750 ጀሪካን በአንድ ሌሊት በአንድ ጥግ ላይ ሲደፋ አፈሩ ይጠጣዋል ብዬ እተኛ ነበር? ቁጥር አንዳንዴ ከግብረ ገብ ትምህርት ይሻላል።

በነጋታው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሴትዮዋ በራችንን አንኳኩ። ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ጋራዣቸው ውስጥ አራት ጣት የሚያህል ውሃ ገብቶ የባላቸው መጻሕፍትና ፎቶግራፎች ያሉባቸው ካርቶኖች ርሰዋል። የሆነ ቦታ ቧንቧ የፈነዳ መስሏቸው ሠራተኛ ጠርተዋል። የመጡት ሊከሱን አልነበረም፤ ሊያስጠነቅቁን ነው። «የእናንተስ ቧንቧ ደህና ነው?» አሉን።

አጎቴ «ደህና ነው» አሉ።

እውነት ነው፤ ቧንቧችን ደህና ነበር። እኔ ጎናቸው ቆሜያለሁ። ሴትዮዋ አመስግነው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ በኩሽና ጠረጴዛ ዙሪያ የተካሄደውን ክርክር ሁሉ አልጽፈውም፤ ብዙው መደጋገም ነው። የአጎቴ መከራከሪያ ግን ሦስት ነበር። አንደኛ፣ ውሃ ቁልቁል ይወርዳል፤ እሳቸው አላወረዱትም። ሁለተኛ፣ ጋራዡን ከመሬት በታች ዝቅ አድርገው የሠሩት የሴትዮዋ ሰዎች ናቸው። ሦስተኛ፣ መድን አላቸው። ሦስተኛውን ቶሎ ልለፈው። የባል ፎቶግራፍ የሚተካ መድን አልሰማሁም።

ሁለተኛውን ስሰማ ግን ሳላስበው ሳቄ መጣ። ይህ የአያ ጅቦ ክርክር ነው። ጅብ ከወንዙ በላይ ሆኖ፣ ከታች የምትጠጣውን አህያ «ውሃዬን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። እሷም «ሳታመኻኝ ብላኝ» ትላለች። በልጅነታችን ይህን ተረት የነገሩን ሁሉ የሚያስተምሩን የጅብን ግፍ ነበር። አሁን ሳስበው የሚገርመኝ የጅቡ ችግር ነው። ጅቡ ለምን ሰበብ ያስፈልገዋል? ጥርሱ አለው፣ ርሃቡ አለው፣ አህያዋ አጠገቡ ናት። ሰበቡን የሚፈልገው ለአህያዋ ሳይሆን ለራሱ ነው። ከላይ የቆመ ሰው፣ ከታች ያለው የቆመበትን ቦታ እንደ ጥፋት ሊቆጥርበት ካልቻለ እንቅልፍ አይወስደውም። አጎቴም እንቅልፍ እንዲወስዳቸው ፈልገው ነበር። እኔ ደግሞ የራሴን ጅብ ይዤ ነበር። ገንዳው የኔ አይደለም፣ ቤቱ የኔ አይደለም፣ ታዝዤ ነው። ቱቦውን ጥግ ላይ ያስቀመጠው እጅ የማን እንደሆነ ግን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

የመጀመሪያው መከራከሪያ ከሁለቱ የጠነከረ ነው፤ ረጅም የሕግ ታሪክም አለው። ሮማውያን ከአሥራ ሁለቱ ሰንጠረዦች ዘመን ጀምሮ ስለ ዝናብ ውሃ የሚቀርብ ልዩ ክስ ነበራቸው። በንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ ትእዛዝ ተጠናቅሮ እ.ኤ.አ. በ533 በታወጀው ዲጀስት ውስጥም በ39ኛው መጽሐፍ አንድ ሙሉ ርዕስ ተሰጥቶታል። መነሻው ቀላል ነው። ውሃ የመሬቱን ተዳፋት ተከትሎ በራሱ ቢወርድ የታችኛው ባለመሬት ይቀበላል፤ የሚከሰው የለም። ክስ የሚኖረው የሰው እጅ የሠራው ነገር አወራረዱን ለውጦ ጉዳት የሚያሰጋ ሲሆን ነው። እስከዚህ ድረስ አጎቴን ሊጠቅማቸው ይችላል። ግን ሕጉ እዚያ አያቆምም። ኡልፒያኖስ የተባለው ሊቅ፣ ከሱ ብዙ ዘመን በፊት የነበረውን የኩዊንቱስ ሙኪዩስን አስተያየት ያስታውሳል። ሙኪዩስ ማሳን ለማድረቅ የሚቆፈር ቦይ የእርሻ ሥራ አካል ነው ይላል፤ አንድ ገደብ ግን ያበጅለታል። ቦዩ ውሃውን ሰብስቦ በአንድ መስመር የሚለቅ መሆን የለበትም። ሰው የራሱን ማሳ ማሻሻል የሚችለው የጎረቤቱን ሳያበላሽ ነው።

ውሃውን ሰብስቦ በአንድ መስመር መልቀቅ። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። እኔ ያደረግሁት በትክክል ይህን ነው። ዝናብ በመላው ግቢ ላይ ሲወርድ በሺህ ቦታ ይሰርጋል፣ በሺህ ቦታ ይተናል፣ የቀረው ተበታትኖ ይወርዳል። ማንም አልላከውም። ቱቦ ግን የተበተነውን አንድ ያደርገዋል፤ አንድ ጫፍ ይሰጠዋል። ጫፉን ደግሞ አንድ ሰው አንድ ቦታ ያስቀምጠዋል። ውሃው ደራሲ የለውም፤ መውጫው ግን ደራሲ አለው። እኔ በሙያዬ የደራሲን መኖር የሚጠራጠሩ ንድፈ ሐሳቦችን ለዓመታት ሳነብ ኖሬያለሁ። ጓሮው ጥግ ላይ ከተጣለው ቱቦ ፊት ስቆም ግን አንዳቸውም ሊረዱኝ አልመጡም።

በአሜሪካ ደግሞ ሌላ አመለካከት ነበር፤ በአንዳንድ ግዛቶች ዛሬም ተሻሽሎ ይሠራበታል። በዚህ አመለካከት የዝናብ ጎርፍ የሁሉም የጋራ ጠላት ነው፤ እያንዳንዱም ከመሬቱ ላይ በቻለው መንገድ ያባርረዋል። አጎቴ በዚያ ሌሊት አካፋ ይዘው ሲቆሙ ያዩ ሰው ይህን አመለካከት ቶሎ አይስቅበትም። ካሊፎርኒያ መንገዷ ሌላ ነው። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1966 በሰጠው ፍርድ የላይኛውም የታችኛውም ባለቤት ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ይጠይቃል። ሚዛናዊ ይመስላል። ግን የታችኛው ሰው የሚጠነቀቀው መጀመሪያ ነገሩን ሲያውቅ ነው። ሴትዮዋ ከምን ሊጠነቀቁ ይችሉ ነበር? ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ገንዳው ውስጥ የነበረው ውሃ ራሱ ከሌላ ሰው ግቢ የመጣ ነው። ሎስ አንጀለስ እ.ኤ.አ. በ1913 ከሩቁ የኦወንስ ሸለቆ ውሃ የሚያመጣላትን ቦይ መርቃ ከፈተች፤ ብዙም ሳይቆይ የኦወንስ ሐይቅ ደረቀ። ዛሬ ከተማዋ ውሃ የምታገኘው ከዚያም፣ ከሰሜን ካሊፎርኒያም፣ ከኮሎራዶ ወንዝም ነው። በሌላ በኩል በ1938 የደረሰው ጎርፍ ከመቶ በላይ ሰው ከገደለ በኋላ የሎስ አንጀለስን ወንዝ በሲሚንቶ ገነባችው፤ የሰማዩ ውሃ ሳይውል ሳያድር ባሕር እንዲገባላት። በአንድ እጇ ከሩቅ ታስመጣለች፣ በሌላ እጇ የወረደላትን ትደፋለች። የአጎቴ ግቢ የዚህች ከተማ ትንሽ ግልባጭ ነበር። ይህን የምለው ጥፋቴን ከተማው ላይ ለመለጠፍ አይደለም፤ ከተማው የኔን ቱቦ አላስቀመጠም። ግን «ከግቢዬ ይውጣልኝ» የሚለው ቃል የአጎቴ ብቻ እንዳልሆነ፣ እንዲያውም ሰፈሩን ሁሉ የሠራው ይህ ቃል እንደሆነ ማየት ይገባል።

በሦስተኛው ቀን ወርጄ ነገርኳቸው። ሴትዮዋ ጋራዡ ደጃፍ ላይ ፎቶግራፎቹን በፎጣ ላይ ዘርግተው እያደረቁ ነበር። የተዘጋጀሁበት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ፤ «ውሃው የኛ ነው፤ ቱቦውን እዚያ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አልኩ። ይቅርታ አድርገንልሃል አላሉኝም። አላለቀሱም፣ አልጮኹም። የቧንቧ ሠራተኛው የወሰደባቸውን ገንዘብ ነገሩኝና «ያን ቀን ስጠይቃችሁ ለምን አልነገራችሁኝም?» አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም። አጎቴ ሲሰሙ ተቆጡ፤ ቤታቸውን አዋረድክ አሉኝ። በማግስቱ ገንዘቡን በፖስታ አድርገው ራሳቸው ወስደው ሰጡ። ከኔ ጋር ግን ወር ያህል ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም።

ያስታረቀን ቁፋሮው ነው። ገንዳው በፈቃድ ተሰብሮ በአፈር ከተሞላ በኋላ ቱቦ የመቅበሩን ሥራ ለሁለት ጀመርነው። ቦይ ትቆፍራለህ፣ አፈርና ጠጠር እንዳይቀላቀል ውሃ የሚያሳልፍ ጨርቅ ታነጥፋለህ፣ ጠጠር ታፈሳለህ፣ ሆዱ የተበሳሳ ቱቦ ታጋድማለህ፣ እንደገና ጠጠር ታለብሰዋለህ። በየሜትሩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር መውረድ አለበት። በእንግሊዝኛ የፈረንሳይ ቦይ ይሉታል፤ ከፈረንሳይ አገር ጋር ግን ዝምድና የለውም። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1859 ስለ እርሻ መሬት ማድረቂያ መጽሐፍ ከጻፈው ሄንሪ ፍላግ ፍሬንች ከተባለ የኒው ኢንግላንድ ሰው ነው። ልጁ ዳንኤል ቼስተር ፍሬንች ዋሽንግተን ያለውን የሊንከን ሐውልት የቀረጸው ነው። አባትየው ከመሬት በታች፣ ልጅየው ከመሬት በላይ። ይህን ስነግራቸው አጎቴ ከወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። «ውሃ ልኩን ያዝና ዝም ብለህ አስተካክል» አሉኝ።

ሦስተኛው ቀን ላይ ላብ እየጠረጉ ከጉድጓዱ አፍ ተቀምጠው፣ ሳልጠይቃቸው ስለ ፈሰስ ማውራት ጀመሩ። ጎጃም ውስጥ፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው ያደጉት። እዚያ ገበሬ ጤፉን ሲዘራ ክረምቱ ዘሩን እንዳያሰምጥበት ማሳው ላይ በማረሻ ጠለቅ ያሉ ትልሞች በሰያፍ ያወጣል፤ ፈሰስ ይባላሉ። ማሳውን ያድናሉ። ጫፋቸው የሚያርፍበት ቦታ ግን ይታጠባል፤ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ቦረቦር ይሆናል። አያቴ ከላይ ነበሩ፤ ከታች አንድ አዋሳኝ ገበሬ ነበር። አያቴ ከመዝራታቸው በፊት በየዓመቱ ወደ ሰውየው ወርደው «ዘንድሮ በየት ላውጣው?» ብለው ይጠይቁት ነበር። ሁለቱ ወሰኑን ተከትለው ይሄዳሉ፤ እዚህ ድንጋይ አለ፣ እዚያ ሣር አለ፣ አምና በዚህ ወጥቶ ነበርና ዘንድሮ በዚያ ይሁን ይባባላሉ።

«አይሆንም ቢልስ?» አልኳቸው።

«ሌላ መውጫ ይፈለጋላ። ውሃው መውጣቱ አይቀር።»

«ታዲያ መጠየቁ ምን ይጠቅማል?»

አጎቴ ዝም አሉ። ከዚያ ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። አያቴ እየጠየቁም ቦረቦሩ ተቆፍሯል። አንድ ዓመት ተጣልተው ሽማግሌ ገብቷል፤ ሽማግሌዎቹም አያቴ ላይ ፈርደው በወሰኑ ላይ ድንጋይ እንዲደረድሩ አድርገዋል። መጠየቅ ጉዳቱን አላስቀረም። «ግን ሰውየው ጎርፍ ሲመጣበት የማን እንደሆነ ያውቅ ነበር» አሉ። «የማንን በር እንደሚያንኳኳ ያውቅ ነበር።»

ሙኪዩስ የነገረኝን ገደብ አጎቴ ከአባታቸው ያውቁታል፤ ከሱ የዘለለም ያውቃሉ። የሮማው ሕግ የሚጠይቀው ጉዳት ያሰጋል ወይ፣ በእጅ ሥራ ነው ወይ እያለ ነው። ሁሉም ጥያቄ ሥራው ከተሠራ በኋላ የሚመጣ ነው። የአያቴ ጥያቄ ግን ከሥራው በፊት የሚጠየቅ ነው። መልሱ ጉዳት እንደማይኖር ዋስትና አይሰጥም። ጉዳቱን ግን ስም አልባ እንዳይሆን ያደርገዋል። ሴትዮዋ ደጃፋችን ቆመው ስለ ቧንቧችን ሲጠይቁን ያጡት ይህን ይመስለኛል። ውሃው ጎድቷቸዋል፤ ከውሃው ይልቅ ግን የማን በር ላይ እንደቆሙ አለማወቃቸው ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ። እኛ የምናውቀውን እሳቸው አያውቁም ነበር፤ ባላወቁትም ነገር አመሰገኑን።

የዓባይን ነገር የሚያስታውስ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም አስታውሻለሁ። የላይኛው ተፋሰስ ልጆች ነንና ከላይና ከታች የሚል ቃል በሰማን ቁጥር ልባችን ወደዚያ ይሄዳል። ግን አላወዳድረውም። ግብፅና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የዓባይን ውሃ 55.5 እና 18.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብለው ሲካፈሉ ለኢትዮጵያ ምንም አልተውላትም፤ ያን ቀን ሳይጠየቅ የቀረው የላይኛው ነው። የአንድ አጎት ጓሮ ይህን አይሸከምም። የምለው ይህን ብቻ ነው፤ «ሳንጠየቅ» የሚለውን ቁጭት ጠንቅቀን የምናውቅ ሰዎች፣ አጥራችን ሥር ያለውን ሰው ሳንጠይቅ ስናድር ቶሎ ሊታወቀን ይገባ ነበር።

ከዚያ በኋላ አጎቴ ሸሚዛቸውን ቀይረው ወደ ታች ወረዱ። ምን እንደተነጋገሩ አልሰማሁም፤ ከአጥሩ በላይ ሆኜ ሳይ ግን ሁለቱ ወሰኑን ተከትለው ቀስ ብለው ይሄዳሉ፤ ሴትዮዋ በከዘራቸው እያመለከቱ ነው። በታቀደው መሠረት ቱቦው በጓሮው ጥግ ሊያበቃ ነበር። አሁን ተመልሶ ቤቱን ዞሮ በፊት ለፊቱ መንገድ እንዲወጣ ተወሰነ። ለዚህ ግማሹን ቦይ እንደገና መቆፈር፣ የእግረኛ መንገዱን ሥር ማለፍና ከከተማው ፈቃድ ማውጣት አስፈለገ። ከመጀመሪያው ግምት እጥፍ ገንዘብ ወጣ። አጎቴ ገንዘቡን እያጉረመረሙ ነው የከፈሉት፤ ጋራዡ ዝቅ ብሎ መሠራቱንም እስከ ዛሬ ያነሳሉ። ቅዱስ ሆነዋል ብዬ ብጽፍ ራሳቸው ይስቁብኛል።

በዚያ ክረምት ዝናቡ ዘገየ። ጃንዋሪ 2025 ላይ ዝናብ ሳይሆን እሳት መጣ፤ በነዚሁ ተራሮች ግርጌ አልታዴና ሲቃጠል ጭሱ እኛ ጋ ደረሰ። በዚያ ሳምንት አጎቴ ገንዳው የነበረበትን ቦታ በዝምታ ሲመለከቱ ሁለት ሦስት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። ስለ 75,000 ሊትሩ ማናችንም አላነሳንም።

ደህና ዝናብ የመጣው በፌብሩዋሪ አጋማሽ ነው። ማታ ላይ ጃንጥላ ይዤ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ከእግረኛው መንገድ ጠርዝ ሥር፣ እኛ ካስቀመጥነው አፍ፣ ውሃው እየጎረፈ ይወጣል። ሴትዮዋ ጋራዣቸውን ከፍተው መብራት አብርተዋል፤ ወለሉን ያያሉ። እጃቸውን አነሱልኝ። ስልኬ ጠራ፤ አጎቴ ናቸው።

«ወጣ?»

«ወጣ ጋሼ።»

«የሴትዮዋስ?»

«ደረቅ ነው።»

ጥቂት ዝም አሉ። የዝናቡ ድምፅ በስልኩም በጃንጥላውም ይሰማኛል።

«እዚያ ታች፣ መታጠፊያው ላይ አንድ ዝቅ ያለ ቤት አለ» አሉ። «ውረድና እየው እስቲ።»